ለሲስተር ተመስገን አይባልም

ደሴ ውስጥ ልጆች አንደኛ ክፍል ሲገቡ ከፊደል በፊት የሚማሩት ነገር አለ፤ ከሲስተር ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ። መምህሯ ፊታቸው ቆማ "ሲስተር እንዴት አደራችሁ ስትላችሁ ምን ትላላችሁ?" ትላቸዋለች። ልጆቹ በአንድ ድምፅ "ያመመንን!" ይላሉ። "ተመስገን ይባላል?" "አይባልም!" "ተመስገን የሚባለው መቼ ነው?" "ሰው ሲጠይቀን!" ከዚያ ያጨበጭቡና ወደ ሀሁ ያልፋሉ።

ሲስተር በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያለችው ድምፅ ናት። መንግሥት ያወጣላት ስም ሌላ ነው፣ ረጅምም ነው፤ እኛ ግን ሐኪም ቤት ያለችውን ሴት ሁሉ ሲስተር ስንል የኖርን ሰዎች ነን፣ ለእሷም ያንኑ ስም ሰጠናት። ጠዋት ትጠይቃለች፣ ማታ ትጠይቃለች፣ እጃችን ላይ ባሰርነው አምባር ልባችንን ታዳምጣለች። እሷ ካልፈቀደች ጦሳ ተራራ ሥር ያለው የቀዶ ሕክምና ማዕከል በሩን አይከፍትም። እሷ ደግሞ ያለ ባለቤቱ ቃል አትፈቅድም።

ይህ የቃል ነገር ከሰማይ አልወረደም። ከእሷ በፊት የነበረችው ሲስተር ሰው አትጠይቅም ነበር። አምባሩ የነገራትን ይዛ ሰውን ከገበያ መሀል፣ ከሰርግ መሀል እያስነሳች ትወስድ ነበር። አንዱን ሙሽራ ከነሱፉ ወስዳ ምንም ሳታገኝበት በማግስቱ መልሳዋለች። ሕዝቡ አንገሸገሸው፤ አደባባይ ወጥቶ ጮኸ፤ ሕግ ወጣ። ሕጉ አጭር ነው፦ የታማሚው ቃል ይቀድማል። ራሱን ስቶ ካልወደቀ በቀር ስለ አንድ ሰው ሕመም ሌላ ሰው፣ እናት ትሁን ልጅ፣ መናገር አይችልም። ሕጉ የወጣ ዕለት ሰፈራችን እልል ብሏል።

ጎረቤቴ እማማ ሶልያና ግን ትምህርት ቤት የሄዱት ይህ ሁሉ ሳይመጣ ነው። በእሳቸው ዘመን የተወለደው ሁሉ ሶልያና፣ ናታን፣ ኤልዳና ይባል ነበር፤ ዛሬ ሶልያናዎቹ ሽበት አብቅለው፣ ናታኖቹ ከዘራ ይዘው ይሄዳሉ። ለልጆቻቸው ያወጡት ስም ደግሞ ወደ ድሮው ዞሮ አስካለና ዘለቀ ሆኗል። እማማ ሶልያና ሲስተርን እንደ ሰው ነው የሚያዩዋት። ጠዋት ጠዋት አጥር ለአጥር እሰማቸው ነበር።

"እንደምን አደሩ እማማ?"

"ተመስገን፣ ደህና ነኝ። አንቺስ እንዴት አደርሽ?"

"እኔ አልተኛም እማማ። የሚያምዎት ነገር አለ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆችሽስ ደህና ናቸው?"

ልጅ እንደሌላት ሲስተር ስንት ጊዜ ነግራቸዋለች። እሳቸው ግን ሰላምታ ሳይሞላ ወደ ሌላ ነገር ማለፍ አይሆንላቸውም። "ደህና ነኝ" ካሉ ደግሞ ለሲስተር ነገሩ አለቀ፤ እስከ ማታ አትጠይቅም።

እማማ ሶልያና ደህና አልነበሩም። ሁለት ጉርሻ እንደበሉ ደረታቸውን ይይዛሉ። ከምግብ በኋላ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሲተኙም ትራስ ላይ ትራስ ደርበው ቁጭ እንዳሉ ነው። ልጃቸው አስካለ ይህን ሁሉ ታያለች። "እማዬ፣ ንገሪያት እንጂ!" ስትላቸው "ምኑን ልጄ? ተመስገን ነው" ይሏታል።

ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ምክንያት አለው። አስካለ ወንድም ነበራት፤ ስሙ ዘለቀ። አንድ ክረምት ጣሪያቸው አፍስሶ እማማ ሶልያና የረጠበ ፍራሽ ይዘው በር ላይ ቆሙና "ምን ዓይነት ኑሮ ነው ይሄ፣ ሰለቸኝስ!" አሉ። በዚያው ቀን ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ተራራው ተንዶ ዘለቀን ከነመኪናው ይዞት ወረደ። ከቀብር ሲመለሱ እማማ ሶልያና አፋቸውን ዘጉ። ማውራቱንስ ያወራሉ፣ ይስቃሉም፤ የምሬት ቃል ግን ከዚያ ወዲያ አልወጣቸውም። "አንድ ቀን አማረርኩ፣ ፈጣሪም ሰማኝ" ይላሉ። ቄሱ መጥተው "ኧረ እግዚአብሔር እንዲህ አይደለም" ብለው ቢመክሯቸው "እሺ አባቴ፣ ተመስገን" ብለው ሸኟቸው።

ነገሩ የመጣው ፍልሰታ በተፈታ ዕለት ነው። ነሐሴ ስለሆነ ጉሙ እስከ ደጃፋችን ወርዶ የአጥሩ ባሕር ዛፍ ራሱ በግድ ነበር የሚታየው። እማማ ሶልያና ጾሙን በደንብ ጾመው፣ ቆርበው መጥተዋል። አስካለ ዶሮ ሠርታለች። እኔም ተጠርቼ ነበር፤ ጋሽ ናታንም ነበሩ።

ጋሽ ናታን ከእነ አስካለ አጥር ቀጥሎ ባለው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። በማማረር የሚስተካከላቸው የለም። ሲስተርን ከጠዋት እስከ ማታ በጉልበታቸው፣ በወገባቸው፣ በጥርሳቸው ሲያደክሟት ነው የሚውሉት። ያን ቀን ግን ደስ ብሏቸው ነበር፤ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ተነሡ።

"ሶሊ፣ በሞቴ!"

"ጠገብኩ፣ ናታን። ተወኝ።"

"በሞቴ አልኩሽ! ስንት ቀን ጾመሽ? አንድ ጉርሻ ያጣላል!"

ጎረሱ። ሁለተኛውንም በሞቴ፣ ሦስተኛውንም በአስካለ ሞት ጎረሱ። በዚህ አገር በሞቴ የተባለን ጉርሻ የመለሰ ሰው አላየሁም።

ብዙም ሳይቆይ እማማ ሶልያና ከጨዋታው መሀል ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። አስካለ ስትከተላቸው ግንቡን ይዘው ጎንበስ ብለው ከማስመለስ ጋር ይታገሉ ነበር። ሆዳቸው እየተሳበ ይነሣል፣ አንገታቸው ይገተራል፣ የሚወጣ ግን የለም፤ ምራቅ ብቻ። እንደገና ይሞክራሉ፣ እንደገና ምንም። ውሃ ስትሰጣቸው አንድ ጊዜ ተጎንጭተው ወዲያው በአፋቸው መለሱት። ከደረታቸው በታች፣ ከእምብርታቸው በላይ ያለው ሆዳቸው ተነፍቶ ጠንክሯል።

"ጨጓራ ነው" አሉ ጋሽ ናታን። እዚህ አገር ከአንገት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። "ተልባ በጥብጪላት።"

ተልባው ተበጠበጠ። እሱም ጉሮሮ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ይሄኔ ሲስተር ከግድግዳው ላይ ተናገረች።

"እማማ፣ ልብዎ ፈጠን ብሏል። ምን ይሰማዎታል?"

"ተመስገን ልጄ። በዓሉ ነው።"

"እሺ። መልካም በዓል።"

አስካለ ግድግዳው ፊት ሄዳ ቆመች። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ከሰው ጋር ጠብ የማትወድ ዝምተኛ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ጮኸች።

"ሲስተር፣ እናቴ ታማለች! ቃሬዛውን ላኪ!"

"አስካለ፣ ሐሳብሽ ገብቶኛል። እማማ ራሳቸው ይንገሩኝ። እማማ፣ ያምዎታል?"

እማማ ሶልያና ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ሥር ቀብረዋል። ፊታቸው በላብ ርሷል። "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ፤ ድምፃቸው በግድ ነው የሚሰማው። "ከዚህ የባሰም አለ።"

"ደህና ነኝ ብለዋል ልበል?"

"በይ ልጄ።"

"ኧረ ደህና አይደለችም! አታዪያትም እንዴ!"

"አየዋለሁ። ግን የእናትሽን ቃል መሻር አልችልም" አለች ሲስተር፣ በዚያ በማይለወጥ ድምፅዋ። "ራሳቸውን ከሳቱ ወዲያውኑ እወስዳቸዋለሁ።"

ጋሽ ናታን ይህን ሲሰሙ ከዘራቸውን አነሡ። ጉርሻው የእሳቸው ነውና ከሁላችንም በላይ ጨንቋቸዋል። "እንግዲያው እኔ ልታመማ!" አሉና ወደ ቤታቸው ሮጡ፤ በእሳቸው ዕድሜ መሮጥ ከተባለ። ከአጥሩ ማዶ ድምፃቸው መጣልን። "ሲስተር! ደረቴን ሰነጠቀኝ! መሞቴ ነው! ድረሽልኝ!" እንዲህ ያለ የሕመም ቃል ሲስተር ሰምታ አታውቅም መሰለኝ፤ ቃሬዛው ወዲያው መጣ።

ቃሬዛ የምንለው ሹፌር የሌለው ነጭ መኪና ነው። በጋሽ ናታን በር ላይ ቆሞ ኋላውን ከፈተ። እኔና አስካለ እማማ ሶልያናን ደግፈን አመጣንና አስተኛናቸው። በሩ ግን አልተዘጋም።

"የጠሩኝ ሰው እኚህ አይደሉም" አለ ቃሬዛው። ድምፁ የዚያችው የሲስተር ድምፅ ነው።

"የጠራሁሽ እኔ ነኝ! በእኔ ፈንታ እሷን ውሰጃት!" አሉ ጋሽ ናታን።

"በሰው ፈንታ ሰው አይወሰድም፣ ጋሽ ናታን። እማማ፣ እዚህ እስካሉ ድረስ ልመርምርዎት?"

"እንደ ፈቀድሽ ልጄ" አሉ እማማ ሶልያና። እሺ ማለት መቼም ከብዷቸው አያውቅም።

ከጣሪያው ቀጭን ክንድ ወርዶ ሆዳቸውን ዳሰሰ። ከዚያ ለስላሳ ቱቦ በአፍንጫቸው አስገባ። ቱቦው ጉሮሮን አልፎ ወረደ፣ ወረደና ቆመ። ወደ ኋላ ተስቦ እንደገና ተሞከረ፤ እዚያው ቦታ ቆመ።

"ቱቦው ጨጓራ ውስጥ አልገባም" አለች ሲስተር። "መንገዱ ተዘግቷል።"

"ይኸው! በራስሽ አፍ!" አለች አስካለ።

"አዎ። ይህ አስቸኳይ ነው። እማማ፣ ያምዎታል?"

ሁላችንም አፋቸውን አየን። እማማ ሶልያና ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ተመስገን" አሉ።

ማሽኗ ታውቃለች፣ እኛ እናውቃለን፣ ሴትየዋም ያውቃሉ፤ በሩ ግን ክፍት ነው፣ መኪናው ቆሟል። "ያለ ሕመም ቃል ማዕከሉ አይቀበለኝም" አለች ሲስተር። "ከጢጣ ሰፈር ሌላ ታማሚ እየጠራኝ ነው። ብዙ መቆየት አልችልም።"

አስካለ ቃሬዛው ውስጥ ገብታ ተንበረከከች። "እማዬ፣ ዘለቀን የገደለው ዝናብ ነው! ዝናብ ነው እኮ! ያንቺ ቃል ተራራ አይንድም!"

"አውቃለሁ ልጄ።"

"ታውቂያለሽ? ታዲያ ለምንድን ነው አፍሽን የያዝሽው?"

እማማ ሶልያና በመጀመሪያ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "አሁን የቀረሽኝ አንቺ ነሽ" አሉ። "አንዱን ወስዶብኛል። ባማርር ደግሞ ማንን ይወስዳል?"

አስካለ እናቷ ለራሳቸው እግዚአብሔርን ፈርተው ዝም ያሉ ይመስላት ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ትራስ ደርበው ቁጭ ብለው ያደሩት ለእሷ መሆኑን የሰማችው ያኔ ነው። ተናደደች። አለቀሰች። "ይውሰደኛ!" አለች። "አንቺ ዓይኔ እያየ ሞተሽ እኔ ዳቦ እየሸጥኩ ልኖር ነው? ከሞትሽ እኔም አፌን አልይዝም። ቀንና ሌሊት ነው የማማርረው! ያኔ ማን እንደሚተርፍ እናያለን!"

"አፍሽን ቁረጪ!" አሉ እማማ ሶልያና፤ ከወንበሩ ከተነሡ ወዲህ ጮክ ያሉት ይህንን ብቻ ነው። ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን አንሥተው ወደ አጥሩ ጠቆሙ።

"ሂጂ። ከዛፉ ሥር ቁሚ።"

"ለምን?"

"ራቂ። ጆሮሽን ያዢ። አንቺ ባለሽበት አልልም።"

አስካለ ወረደች። በጉሙ ውስጥ እስከ ባሕር ዛፉ ሄደች፤ ዞራ ቆማ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ደፈነች። እናቷ መድፈኗን እስኪያረጋግጡ ጠበቁ። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከአንድ ቃል ይበዛል፤ ረዘም ያለ ነገር ነው የተናገሩት፤ በመሀሉ አለቀሱ። አስካለ ከዚያ ሆና ያየችው የሚንቀሳቀስ ከንፈር ብቻ ነው። እኔም ከእሷ ጋር ሄጄ ስለነበር አልሰማሁም። አጠገባቸው የነበሩት ጋሽ ናታን ናቸው። ምን እንዳሉ ቆይቼ ጠይቄያቸው ነበር፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ።

በሩ ተዘጋ። ቃሬዛው ሰው አይጠብቅምና አስካለን ጥሏት ሄደ፤ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት ዶክተር ሌላ ከተማ ተቀምጠው በማዕከሉ ክንዶች የሚሠሩ ሐኪም ናቸው። ሲጨርሱ፣ እኔና አስካለ ተከትለን በደረስንበት መጠበቂያ ክፍል፣ በመስታወቱ ላይ ብቅ አሉ፤ የደከማቸው፣ ባምላክ የሚባሉ ሰው።

"ደረትና ሆድን የሚለይ ሥጋ አለ" አሏት አስካለን። "ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው። የእናትሽ ቀዳዳ ሰፍቶ ጨጓራቸው ቀስ በቀስ ወደ ደረታቸው ወጥቷል። ይህ ሄርኒያ የሚባለው ነው፤ ዓመታት የቆየ ነው። ዛሬ ደግሞ ሞልቶ ሳለ ዞረ። ልብስ ስትጨምቂ እንደምታደርጊው በራሱ ላይ ተጠመዘዘ። ከላይ የሚገባ የለም፣ ወደ ታች የሚያልፍ የለም፣ ወደ ላይም የሚመለስ የለም። ደሙም ቆመ።"

"አሁንስ?"

"ጠቁሮ የሞተውን ክፍል ቆርጠን አወጣን። የቀረውን ፈትተን ወደ ቦታው አወረድን፤ ተመልሶ እንዳይወጣ ከሆዳቸው ግድግዳ ጋር ሰፋነው፤ ቀዳዳውንም አጠበብነው። ይተርፋሉ።" ዶክተሩ ዓይናቸውን አሹ። "ግን ምልክቱ ሁሉ ነበረ። ያን ሁሉ ዓመት ለሲስተር አልነገሯትም?"

"ጠዋት ማታ ተነጋግረዋል" አለች አስካለ። "ተመስገን ሲሏት ነው የኖሩት።"

ዶክተሩ ይህን ጻፉት መሰለኝ፤ ወይም ሲስተር እዚያም ሰምታ ይሆናል። እማማ ሶልያና ገና ከማዕከሉ ሳይወጡ ሲስተር ተለወጠች።

መጀመሪያ ያወቅነው በጎረቤታችን በሐጂ ኑረዲን ነው። ጠዋት እንደልማዳቸው "አልሐምዱሊላህ" ሲሏት "የቱ ጋ ነው ሐጂ?" አለቻቸው። ሳቁ፤ ደገሙላት። ቃሬዛው በራቸው ላይ ቆመ። ቀጥሎ አንዲት አራስ፣ ቀጥሎ እኔ። ከማንኛውም ሰው አፍ የወጣ ምስጋና ሁሉ አሁን ለእሷ የሕመም ቃል ነው፤ ሕጉም ቃል ይቀድማል ስለሚል ማስረዳት አይቻልም። ማዕከሉ በከተማው የሚሞተው ሰው ቀንሷል ይላል። እውነት ነው፤ እማማ ሶልያናም ከዳኑት አንዷ ናቸው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን እንግዳ ሲመጣ ቤት ውስጥ "እንዴት ናችሁ?" ስንባባል መልሱን በጥቅሻ የምንለዋወጥ ሰዎች ሆነናል። አንደኛ ክፍል ያሉት ልጆች ለሰው የሚባለውን ለማጥናት እንኳ ወደ ሜዳ ይወጣሉ።

እማማ ሶልያና አሁን ከስተዋል። በትንሽ በትንሹ፣ በሕፃን ሳሕን ነው የሚበሉት፤ ጋሽ ናታንም በሞቴ ማለት ትተዋል። ትራሱ አንድ ሆኗል፤ ተኝተው ያድራሉ። ዕረፍት ግን የላቸውም። አስካለ ወደ ዳቦ ቤቱ ስትወጣ ከዓይናቸው እስክትጠፋ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ዝናብ ካለ ስትደርስ እንድትደውል ያስምሏታል። ቃሉ አንድ ጊዜ ወጥቷልና፣ መልሱ የሚመጣበትን ቀን ይጠብቃሉ።

ማታ አስካለ በአጥሩ በር ስትገባ እናቷ ነጠላቸውን ደርበው ይወጣሉ። ሳይነጋገሩ ይተላለፋሉ። እማማ ሶልያና ተመስገናቸውን ይዘው ግድግዳው ወደማይሰማበት፣ ወደ ባሕር ዛፉ ይሄዳሉ። አምባሩ ልብ እንጂ ቃል አይሰማም። አስካለ በመስኮት ታያቸዋለች፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ትናንት እዚያ ቤት ተቀምጬ ነበር።

"አስካለ፣ እማማ ለምን ወጡ?" አለች ሲስተር።

"አየር ልትቀበል።"

"በዚህ ብርድ? ደህና ናቸው?"

አስካለ አፏን ከፈተች። ሊወጣ የነበረውን ሁለታችንም አውቀነዋል፤ ዋጠችው። "ደህና ናት" አለች።

"አመሰግናለሁ" አለች ሲስተር። እዚያ ቤት ውስጥ ማመስገን የምትችል የቀረችው እሷ ብቻ ናት።